እንኳን ለአስተስርዮ አደረሳችሁ፤ በተለይ ሐዘን ላይ ላላችሁ

ወዳጆቻችን፣ ሻና ቶቫ (መልካም ዓመት)! የዮም ኪፑር፣ ማለትም የአስተስርዮ፣ የአይሁድ የስርየትና የጾም ቀን ዋዜማ ላይ ደርሰናል። ዘንድሮ ከማዕዳችሁ ሰው የጎደለባችሁን ግን «መልካም በዓል» ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ የዛሬው ሰላምታችን ረዘም ይላል።

በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው የሚጠይቀው በዓል ሺቫን (ከቀብር በኋላ ዝቅ ብለው የሚቀመጡበትን የሰባት ቀን ሐዘን) እንዴት እንደሚያቋርጥ ነው። ቀብሩ በሮሽ ሃሻና (በአይሁድ አዲስ ዓመት) ዋዜማ ተፈጽሞ ሐዘንተኛው ጥቂት ጊዜ እንኳ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ በዓሉ ሲገባ ሰባቱ ቀን እንዳለቀ ይቆጠራል፤ በኋላ ተመልሶ አይቀመጥም። ዮም ኪፑር ሲገባ ደግሞ የሠላሳው ቀን ሐዘን ይነሣለታል። ለአባትና ለእናት የሚያዘው የ12 ወር ሐዘን ግን አይነካም፤ ልጅ ካዲሹን (ለሟች የሚባለውን ጸሎት) 11 ወር ይላል። ቀብሩ በሱኮት (በዳስ በዓል) ሳምንት ውስጥ ከዋለ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሺቫ የሚጀምረው በዓሉ ሲወጣ ነው።

ይህን ያላወቀ ዘመድ «ምነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ?» ብሎ ይቀየማል። ድንኳን ጥሎ ለቀናት ማልቀስ ለለመደ ሕዝብ በእርግጥ ከባድ ነው። የቀረው መቀመጡ ብቻ ስለሆነ ከበዓሉ በኋላም ደውሉ፣ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ከቀብር መልስ የሐዘንተኛው የመጀመሪያ ምግብ ከጎረቤት ነው የሚመጣው፤ እንቁላል ወይም ምስር። ሌላው ጥራጥሬ ስንጥቅ ሲኖረው ምስር አፍ የለውም፤ ሐዘንተኛም እንዲሁ ነው ይላሉ ጠቢባኑ። ለቅሶ ደራሽም ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ቀድሞ አይናገርም።

መርዶንም እናንሣ፤ አንዱ ጎንደር፣ ሌላው እስራኤል፣ አሽዶድ ለሆነበት ቤተሰብ የቅርብ ጉዳይ ነውና። ወሬው በ30 ቀን ውስጥ ከደረሰ ሰባቱ ቀን ከሰሙበት ዕለት ይቆጠራል። ከ30 ቀን ካለፈ መቀመጡ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ጫማ አውልቆ። ለበዓል ብሎ መርዶ ማቆየት አይከለከልም፤ ለወንድ ልጆች ግን ካዲሹ እንዳያመልጣቸው መንገር የተለመደ ነው። የአባቱን መርዶ ከዓመት በኋላ የሚሰማ ልጅ ካዲሽ የሚልበት ጊዜ አልፎበታል። ይህን የሚያቆዩት ሽማግሌዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ሻማው። ለሟች የሚበራው የመታሰቢያ ሻማ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጾሙ ሳይገባ ይለኮሳል። ቀጭኑ ተራ ሻማ ሌሊቱን እንኳ አይዘልቅም፤ 24 ሰዓት የሚነድደውን በቆርቆሮ ወይም በብርጭቆ ያለውን ግዙ። ቆርቆሮው ስለሚግል በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ወይም መጋረጃ ሥር አይቀመጥ፤ የብረት ትሪ ይበቃዋል። ከጠፋም አይለኮስም፣ በበዓሉ እሳት አይነካምና።

በነጋታው ከቶራው (ከኦሪቱ) ንባብ በኋላ ይዝኮር፣ የሟቾች መታሰቢያ ጸሎት፣ ይደርሳል፤ በብዙ ቦታ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ወጣ ይላሉ። ኪተል የሚባለውን ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ታያላችሁ፤ መግነዝን ያስታውሳል። የቆዳ ጫማ የለም፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ። በዕለቱ ሕያው ሁሉ በሟች ልብስ ነው የሚቆመው። የጥንቱ ጠቢብ ረቢ ኤሊዔዘር «ከመሞትህ አንድ ቀን በፊት ንስሐ ግባ» ሲል ደቀ መዛሙርቱ «ሰው የሚሞትበትን ቀን ያውቃል?» አሉት። «እንግዲያው ዛሬ ይግባ፣ ነገ ይሞት ይሆናልና» አላቸው።

በይዝኮር ጸሎት ለሟች ስም ጸዳቃ (ምጽዋት) ለመስጠት ቃል ይገባል። ገንዘብም ብዕርም በዕለቱ ስለማይነካ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ስሙንና መጠኑን ዛሬ ከሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ ጾሙ ሲፈታ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነውና።

ግማር ሃቲማ ቶቫ (ፍጻሜው በመልካም ይታተምላችሁ)!