ብረት የመሰለው ክንዴ

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራ እጄን ጨርሼ ተኛሁ። የተፈጥሮውን ማለቴ አይደለም፤ የሠራሁትን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሳይንስ ልብወለድ አልባሳት ዝግጅት ላይ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን ሆኜ ለመቅረብ ሳስብ ነው። ሳይቦርግ። ቃሉን የፈጠሩት በ1960 እ.ኤ.አ. ማንፍሬድ ክላይንስ እና ናታን ክላይን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሚያወሩት ስለ ጠፈር ነበር። ሰው ህዋ ላይ እንዲኖር ምድርን የመሰለ አየር ተሸክሞለት ከመሄድ ሰውየውን ራሱን ብናስተካክለውስ ነው ሐሳባቸው። እኔ የማስተካክለው ከትከሻ በታች ያለውን ብቻ ነው። ያውም ለአንድ ቀን።

መጀመሪያ ላይ ጉራ ነበረብኝ። ጣቶቹ በሞተር ካልተንቀሳቀሱ ምኑን ሳይቦርግ ሆንኩት አልኩ። አምስት ትንንሽ ሰርቮ ሞተር (የታዘዘውን ያህል ብቻ የሚዞር)፣ እነሱን የሚያዝ አርዱይኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክርና ስትሮ ሰበሰብኩ። ስትሮውን በየአንጓው እየቆራረጥኩ ከካርቶን ጣቶች ላይ ለጠፍኩ፣ ክሩን በውስጡ አሳለፍኩ፣ ጫፉን ከሞተሩ ጋር አሰርኩ። አንዱ ጣት ለብቻው ሲታጠፍ ጮቤ ረገጥኩ። አምስቱ አንድ ላይ ሲሳቡ ግን ቦርዱ ድርግም ብሎ እንደገና ይነሳል። ሞተሮቹን ከቦርዱ ላይ ነበር መብራት የማበላቸው፤ አቅሙን ጨረሱበት። ለእነሱ ሌላ ባትሪ ለየሁላቸውና እሱ ተፈታ።

ያልተፈታው ሌላ ነው። የካርቶኑ እጅ የሚጀምረው የእኔ ቡጢ ከሚያበቃበት ነው። ለብሼው ስቆም ጣቶቹ ጉልበቴ ጋ ደረሱ። እህቴ በሩን ከፍታ አየችኝና፣ «ይሄ እኮ የጦጣ እጅ ነው» ብላ ዘግታው ሄደች።

ተናደድኩ፣ ግን ልክ ናት። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የራሴን ክንድ ሳይ ቆየሁ። በቀኝ እጄ የግራ ክንዴን ይዤ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። የሚንቀሳቀሰው ክንዴ ነው። ጣቶቻችን ውስጥ የሚያጥፋቸው ጡንቻ የለም፤ ጡንቻው ያለው ከክርን በታች ነው። እዚያ ሆኖ በረጃጅም ጅማቶች፣ በእጅ አንጓ በኩል አሳልፎ ነው የሚስባቸው። ክርና ስትሮ ማለት ነው! ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ዕቃ ከነሞተሩ ክንዴ ላይ ተገጥሞ ነበር የተወለድኩት። ሞተሮቹን ፈታሁና ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ጣቶቼን ጥቁር ጓንት አለብሳለሁ፣ በየአንጓው ላይ የፎም፣ ማለትም እንደ ስፖንጅ ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ፣ ቁራጭ እለጥፋለሁ፣ የቀረውን ጅማቴ ይሥራው።

ለክንዱ ልክ ያወጣሁበት መንገድ ቀላል ነው። ክንድን በቀጭን ፕላስቲክ ትጠቀልላለህ፣ በላዩ ላይ በፕላስተር ታሽገዋለህ፣ መስመር ትስልበታለህ፣ ከዚያ ሰው በመቀስ ይቀድልሃል። እህቴ ቀደደችልኝ። ምላሱ አጭር የሆነ ሰው ቢሆን ይሻላል፣ ግን ያለኝ እሷ ነች። የተላጠው ቅርፊት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የሆነ እንስሳ ቆዳ ይመስላል። እሱን 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፎም ላይ አስቀምጬ ቀዳሁት። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ልኩን የወሰድኩት እጄ ዘና ብሎ ነው። ቡጢ ስጨብጥ ክንዴ ይወፍራል። የመጀመሪያው ክንድ በመጀመሪያው ቡጢ ስፌቱ ጋ ተተረተረ።

ከሁሉም የወደድኩት ፎሙን በሙቀት መሥራት ነው። በስለታም ከተር ግማሽ ጥልቀት ብቻ ትቆርጣለህ። ሲታይ ምንም የለም፣ የፀጉር ያህል ጭረት ነው። ሂት ገኑን፣ ትኩስ አየር የሚተፋውን መሣሪያ፣ ስታስጠጋው ጭረቱ ቀስ ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ሁለት ብረቶች የተጋጠሙበት ስንጥቅ ይሆናል። ፊቱም ያብለጨልጭና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ በኋላ ቀለም እንደ ስፖንጅ እንዳይጠጣ የሚረዳው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጨረስኩ። የማያስፈልጉ ስንጥቆች ሁሉ አሉ ክንዱ ላይ።

ማስቲሹ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለቱንም ጠርዝ ትቀባለህ፣ ጣትህ ላይ መጣበቁን እስኪተው ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታጋጥማለህ። አንዴ ከተገናኙ ፍቺ የለም። አንዱን ቁራጭ አጣምሜ ለጥፌ፣ ከነጠማማው ነው ያለው። ሽታው ራስ ያዞራል፤ መስኮት ሳትከፍት አትሞክረው።

መብራቱን ቶሎ ልለፈው። አንዲት ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽዬ አምፖል) ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኘሁ፣ አንዴ ብልጭ ብላ አረፈች። ቀይዋ የምትፈልገው 2 ቮልት ገደማ ነው፤ የተረፈውን 7 ቮልት የሚይዝላት ሬዚስተር ያስፈልጋል። የ470 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ፣ እስካሁን በሕይወት አለች።

ክንዱ ተቀባ፤ ጥቁር፣ ከዚያ ብሩሽ ላይ ጥቂት ብርማ ቀለም ነክቶ፣ ብሩሹን ወረቀት ላይ አድርቆ፣ ጠርዝ ጠርዙን መዳሰስ። ጥቁሩ ፎም ዓይኔ እያየ ብረት ሆነ። በላዩ ላይ ጦርነት የዋለ እንዲመስል ብዬ ዙሪያውን በጭረት ሞላሁት። ችግሩ፣ እጄን ባወረድኩ ቁጥር ከነመብራቱ ወደ አንጓዬ ይንሸራተታል። ቬልክሮ፣ ተጣባቂ ማሰሪያ፣ ሞከርኩ። ሳጠብቀው ጣቶቼ ደነዘዙ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። እሳቸው ግራ እጃቸውን ካጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰው ሠራሽ ክንድ ነው የሚያደርጉት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት ያለው ብረት መንጠቆ። ሲገቡ የእኔን ክንድ ከጀርባዬ ደበቅሁ። እሳቸው በየቀኑ የሚኖሩበትን እኔ ጌጥ አድርጌ የለበስኩት መሰለኝ። አይተውት ኖሯል።

«አምጣው እስቲ። መብራት አለው?»

«አለው ጋሼ።»

«የኔ የለውም» አሉና ሳቁ።

ገለባበጡት። ስለ መንሸራተቱ ነገርኳቸው። የሸሚዛቸውን አንገት ከፈት አድርገው ማሰሪያውን አሳዩኝ። ክንዳቸውን የሚይዘው ማሰሪያ በጀርባ በኩል ዞሮ በተቃራኒው ትከሻ ስር፣ በቀኝ ብብታቸው ያልፋል። ያው ማሰሪያ ሽቦም ይስባል፤ ትከሻቸውን ወደፊት ገፋ ሲያደርጉ መንጠቆው ይከፈታል፣ ሲመልሱት ላስቲኩ ይዘጋዋል። ሞተር የለ፣ ባትሪ የለ። እኔ አምስት ሞተር ይዤ የተጨነቅሁት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«ልጄ፣ ክንድ ዕቃ አይሸከምም፤ ትከሻ ነው የሚሸከመው» አሉኝ። ቀጠሉና በመንጠቆው ጫፍ ጭረቶቹን ነካ ነካ አደረጉ። «ይሄ ሁሉ ደግሞ ከየት መጣ? መሬት ለመሬት እየጎተትከው ነው እንዴ የምትሄደው?» የራሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ከላይ ደህና ነው። የተላጠው ከስር ነው፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ቦታ። ሌላው መንጠቆው ጫፍ ላይ፣ በር የሚከፍቱበት።

ከሄዱ በኋላ ሙሉውን ክንድ እንደገና ጥቁር ቀባሁት። ያን ሁሉ ጭረት! ልቤ እያዘነ። ከዚያ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ክንዴን አሳርፌ የሚነካበትን በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ብርማውን እዚያ ብቻ አሸሁት። የሌባ ጣቱን ጫፍ፣ የአውራ ጣቱንም። ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ትንሽ። ከአሮጌ ቦርሳ የቆረጥኩትን ማሰሪያ በጀርባዬ አዙሬ በቀኝ ብብቴ አሳለፍኩት። እጄን አወረድኩ። አልተንቀሳቀሰም።

ሌሊቱን ለአንድ ሰዓት ያህል ለብሼው ቤት ውስጥ ዞርኩ። ፎም አየር አያስገባም፤ ሳወልቀው ክንዴ በላብ ረጥቦ ነበር። የውስጥ ስፌቱ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ድረስ ቆዳዬ ላይ ታትሟል። ጠማማው ቁራጭ ያለበት ጋ መስመሩም ጠሟል። ይሄን ስጽፍ ጠዋት ነው፣ ገና አልጠፋም።