«ኔትወርክ የለም» ከማለቴ በፊት፦ ኢንተርኔትን ለብቻዬ የተማርሁባቸው ስምንት ወራት

ባሕር ዳር ውስጥ ጊዮርጊስ አካባቢ በምሠራበት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በቀን ደጋግሜ የምናገረው ነገር ቢኖር «ኔትወርክ የለም» የሚለው ነበር። ቅጽ ሊሞላ የመጣ ተማሪም ሆነ በቴሌግራም የተላከለትን ደብዳቤ ሊያሳትም የመጣ አባወራ ይህን ሲሰማ እሺ ብሎ ይመለሳል፤ እኔም ምክንያቱን የማውቅ ይመስል ራውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ ወዲህ የተማርሁት ነገር ቢኖር ትየባ ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግን በማላውቀው ነገር እያሳበብሁ ደንበኛ መመለሱ አሳፈረኝና አንድ ደብተር ገዝቼ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የታረመው ስሕተቴ ኢንተርኔትና ድረ ገጽ አንድ ናቸው ብዬ ማመኔ ነው። የመረቡ ሥር እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረው አርፓኔት ከተባለ የአሜሪካ የምርምር መረብ የሚመዘዝ ሲሆን፣ ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሳለ የድረ ገጽን ሐሳብ ያቀረበው ግን በ1989፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ድረ ገጽ በመረቡ ላይ ከሚጓዙት ጭነቶች አንዱ ብቻ ስለሆነ እሱ ሲቆም ሌላው ላይቆም ይችላል።

ፓኬት የሚባለው፣ መረጃ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ፣ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የገባኝ ከዘጌ ማገዶ ጭነው በሚመጡት ታንኳዎች ነው፦ አንድ ትልቅ ጭነት ለብዙ ታንኳ ይከፋፈላል፣ ሁሉም በየፊናቸው ይቀዝፋሉ፣ ተቀባዩም በተራ ቁጥራቸው ይደረድራቸዋል። ምሳሌው የማይሠራው አንዱ ታንኳ ሲሰጥም ነው፤ የሰጠመ ማገዶ አይመለስም፣ የፓኬትን ቅጂ ግን ላኪው ይዞ ስለሚቆይ ቲሲፒ በተባለው ደንብ መሠረት እንደገና ይልከዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ የጥር ወር አንድ ማታ ነው። ሦስት ሰዎች ወረፋ ይዘው ሳለ አንድም ገጽ አልከፈት አለ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ራውተሩ ሊሄድ ሲል ተውሁትና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ፒንግ በተባለው፣ አንድ አድራሻ መልስ ይሰጥ እንደሆነ በሚፈትሽ ትእዛዝ የራውተሩን አድራሻ 192.168.1.1ን ጠየቅሁ፤ ወዲያው መለሰ። ቀጥዬ ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን ስጠይቅ እሱም በ130 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መለሰ፤ እንግዲህ መንገዱ እስከ ውጭ ድረስ ክፍት ነው ማለት ነው። በቁጥሩ ፋንታ የድረ ገጹን ስም ስጽፍ ግን ኮምፒውተሩ ስሙን አላውቀውም አለኝ። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት እንደ 8.8.8.8 ባለ አይፒ በሚባል ቁጥር ስለሆነ፣ እኛ የምንጽፈውን ስም ወደ ቁጥር የሚፈታልን ዲኤንኤስ ነው፤ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ሥርዓት ነው። የእኛ ኮምፒውተር የሚጠይቀው የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ ማለትም ጥያቄውን ተቀብሎ የሚመልሰው ኮምፒውተር፣ በዚያ ማታ መልስ አልሰጥም ብሎ ነበር። በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ የሰርቨሩን ቁጥር ስም መፍታትም ወደሚችለው ወደ ጉግሉ 8.8.8.8 ስቀይረው ገጹ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለው ማታ ስንቱን ደንበኛ እንደመለስሁ ማሰብ አልፈልግም።

ስለ ፍጥነትም ተታልዬ ኖሬአለሁ። ውል ላይ የሚጻፈው በሰከንድ የሚያልፈው ሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ በ5 ሜጋቢት መስመር የ5 ሜጋባይት ፋይል ቢያንስ 8 ሰከንድ ይወስዳል። መዘግየት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሰርቨር ጋር ደርሶ መልስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህን የትኛውም ውድ ፓኬጅ አያሳጥረውም። የባሕር በር ስለሌለን መስመራችን እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥሩ ገመድ ጋር የሚገናኘው።

አሁን የቆምሁት ሳብኔት ላይ፣ ማለትም አንድን መረብ በትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል ላይ ነው። የክፍሉን ስፋት የሚወስነው ቁጥር 255.255.255.0 ሲሆን ለመሣሪያዎች 254 አድራሻ እንደሚተርፍ ቆጥሬ ደርሼበታለሁ፤ መጨረሻው 192 ሲሆን ግን ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። በሁለትዮሽ ቁጥር ጽፎ መሥራት እንደሚሻል ስለተረዳሁ በዚህ ሳምንት ከዚያ እጀምራለሁ።