በንዴት የወጣ ስኬጁል

የምሠራው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ከስታዲየሙ ብዙም የማይርቅ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ ነው። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው ሲጫወት ሌላ ወሬ የለም። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የሚጫወቱት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ግርግሩ ግን የዓለም ዋንጫ ይመስላል።

ማናጀራችን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው። ሌላ ጊዜ የረጋ ሰው ነው። ከዋናው ባላንጣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው ጨዋታ ሲቃረብ ግን አይቻልም። በዚያ ሳምንት ካምፓሱ ውስጥ የሚሺጋን መነሻ ፊደል፣ ኤም፣ ከየጽሑፉ ላይ በቀይ ትሰረዛለች። እሱ ደግሞ ቁርስ ክፍል ድረስ ገብቶ "ማፊን" የሚለው ወረቀት ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጥፋል። እንግዶች ፎቶ ያነሱታል።

በ2024 ኖቬምበር 30 ሚሺጋን መጣ። በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው። ኦሃዮ ስቴት ከአገሪቱ 2ኛ ነበር። ለተጫዋቾቹ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣም ይነገር ነበር። ታዲያ በሜዳው 13 ለ 10 ተሸነፈ። ለተከታታይ አራተኛ ዓመት! የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን መሀል ሜዳ ላይ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስም ፔፐር ስፕሬይ ረጨ። ማታ ቀይ ሹራብ የለበሱ አዛውንቶች የክፍል ካርዳቸውን ሲቀበሉኝ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር የማይል ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማናጀራችን የዲሴምበርን ስኬጁል አወጣ። ምናልባት በሜዳችን ጨዋታ ይኖራል ተብሎ ለ21ኛው ቀን የተያዙትን ተጨማሪ ሠራተኞች ሰረዘ። ኦፍ ለጠየቀ ሁሉ ፈቀደ። "ይሄ ቡድን አልቆለታል" አለ። ለገና አገር ቤት መግባት የፈለጉ ሁለት ልጆቻችን ሳይውሉ ሳያድሩ ትኬት ቆረጡ። አልፈርድባቸውም፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ በየዓመቱ አይገኝም።

መኪና ማቆሚያውን የሚይዙ አንድ ትልቅ ሰው አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ኳስ አያዩም። ልጃቸው ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ጨዋታ የለም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

"ልጄ፣ ለዚህ ሰውዬ ንገሪልኝ፤ እሑድን ይጠብቅ" አሉኝ።

"የቱን እሑድ ጋሼ?"

"የአገሪቱ ዋንጫ ድልድል የሚወጣበትን ነዋ። ዘንድሮ እኮ አራት ቡድን አይደለም የሚገባው። አሥራ ሁለት ነው።"

በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። በድልድሉ ከ1 እስከ 4 ያሉት ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ያርፋሉ። ከ5 እስከ 8 ያሉት በገዛ ሜዳቸው ያስተናግዳሉ። በድሮው ሕግ ማናጀሩ ልክ ነበር። ባለ አራት ቡድን ውድድሩ በቆየባቸው 10 ዓመታት ሁለቴ ተሸንፎ የገባ ቡድን የለም። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ በኦክቶበር በኦሪገን 32 ለ 31 ተሸንፎ ነበርና ይሄኛው ሁለተኛው ነው። ሰውየው የሚናደደው በ2024 ነው፤ የሚያሰላው ግን ባለፈው ዓመት ሕግ ነበር።

ደረሰኙን አሳየሁት። "ጋሼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የሚያውቁት?" ብሎ ሳቀ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ፣ ድልድሉ ወጣ። ኦሃዮ ስቴት 8ኛ፣ ቴኔሲ 9ኛ። ጨዋታው ዲሴምበር 21 ማታ፣ እዚሁ ኮሎምበስ። ስልኩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላረፈም። ደዋዩ ሁሉ ከቴኔሲ፣ የአሜሪካ ደቡብ ሰው ነው፤ ንግግሩ ያስታውቃል። ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ አለቁ። እንግዳ ሞልቷል፤ አልጋ የሚያነጥፍ ግን የለም። ትኬት የቆረጡትን ልጆች ቅሩ ማለት ደግሞ አይቻልም።

ቅዳሜ ብርዱ ከዜሮ በታች ነበር። የቴኔሲን ብርቱካናማ የለበሰ ሕዝብ በትልልቅ ፒክአፕ ጎረፈ። ጋሼ ጋቢያቸውን ከካፖርቱ ሥር ጠቅልለው ብቻቸውን መኪና ያስገባሉ። ውስጥ ማናጀሩ ሽርጥ አስሮ የዋፍል ማሽኑ ላይ ቆሟል። የመጀመሪያዎቹን አሳረራቸው። ሦስተኛ ፎቅ አልጋ ሲያነጥፍም አይቼዋለሁ፤ አንሶላውን ከማዕዘኑ ጋር ሲያታግለው አሳዘነኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ቡና ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለስ ግን ደረሰኙን ጠየቀኝ።

ማታ ኦሃዮ ስቴት 42 ለ 17 አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ያኔ በአንድ ነጥብ የረታውን ኦሪገንን በአዲሱ ዓመት ዕለት 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14፣ ጃንዋሪ 20 አትላንታ ላይ ኖትርዳምን 34 ለ 23 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ይባረር የተባለው አሰልጣኝም ሥራው ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እንደ እኛ ማናጀር ሰኞ ዕለት አልወሰነም።

ማናጀሩ አሁን የዲሴምበርን ስኬጁል ከድልድሉ በፊት አላወጣም ብሏል። ለእሱ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ፤ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ድልድል አይጠብቅም። በመጨረሻ ጋሼ አስታረቁን። ለገና አገር ቤት የሚሄድ ሰው ኦፉን ኦገስት ላይ፣ ቡድኑ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ያስፈርማል።