አሳ ሳልፈጅ ቴሲሴን እንዴት እንደጨረስኩ

የማስተርስ ጥናቴ የሀዋሳ ሀይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ምን ምን ይበላል የሚል ነበር፣ አሁን ተመሳሳይ ነገር የሚጀምሩ ልጆች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የአሳ ምግብ ጥናት ማለት ያው ሆድ መክፈት ነው፣ ሆድ ለመክፈት ደግሞ አሳው መሞት አለበት። ፕሮፖዛል ላይ "በየወሩ ይህን ያህል አሳ ይሰበሰባል" ብለን አንድ መስመር ጽፈን እናልፋለን፣ ማን ገደለው፣ እንዴት ሞተ፣ ያን ያህልስ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው እኔ አልገጠመኝም፣ የተሰጠኝ የኤቲክስ ፎርም ራሱ ለሰው የተሰራ ነው፣ "ተሳታፊው ፈቃደኛነቱን በፊርማው ገልጿል ወይ" ይላል። ቆሮሶ ይፈርምልኝ እንዴ!

መነሻ ያደረግኩት ራሰል እና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡትን ሀሳብ ነው፣ እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ ለቀረው ደግሞ ስቃዩን አቅልልለት። አሳ ህመም አይሰማውም የሚል ሰው አሁንም አለ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ስኮትላንድ ውስጥ ትራውት የሚባለው አሳ ከንፈር ላይ አሲድ ወግተው ሲያዩት ምግብ ትቶ ከንፈሩን ጠጠር ላይ ሲያሽ ነበር፣ ሞርፊን ሲሰጠው ደግሞ ቀለል አለው። ለኔ ይሄ በቂ ነው።

መተካቱን ያገኘሁት አሞራ ገደል፣ ሀይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ ነው። የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆቹ አሳውን ገፈው ፊሌቶ ያወጣሉ፣ የሆድ እቃውን ወደ ጎን ይወረውሩታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የኔ ዳታ እኮ አባ ኮዳ ሆድ እየገባ ነበር! ከልጆቹ ጋር ተስማማን፣ ቢላ ከመግባቱ በፊት ርዝመቱንና ክብደቱን እለካለሁ፣ ሲከፈት ሴት ወንዱን አያለሁ፣ ጨጓራውን እንዳይበሰብስ ወዲያው 5 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ እከታለሁ፣ ስጋው ወደ ገበያው ይሄዳል። ሁዳዴ ሲገባ አሳ ስለሚፈለግ ሳምፕል እንደልብ ነው (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምረው)። የሙያቸውን ጊዜ ስለምወስድ ትንሽ ትንሽ እከፍላቸው ነበር፣ ይሄን በጀት ውስጥ አስገቡት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቆሮሶ የሚበላው በቀን ነው፣ መረቡ ደግሞ ማታ ተጥሎ ጠዋት ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ብዙው ሆድ ባዶ ነው ወይ የተፈጨ አረንጓዴ ውሃ ነው። ጨጓራው ሀይለኛ አሲድ ስላለው የበላው አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር) ቶሎ ይጠፋል። በማታ መረብ ላይ ብቻ ተመስርቶ ብዙ አሳ መግደል ማለት እንግዲህ ለባዶ ሆድ መግደል ነው፣ ይሄ ደግሞ ከሳይንሱም ከኤቲክሱም ያጣላል። ስለዚህ ለርዝመት፣ ለክብደትና ለጾታ የገበያውን አሳ ያዝኩ፣ ለምግቡ ግን ከአንድ አስጋሪ ጋር በቀን መረብ እየጣልን ቶሎ ቶሎ እያየን ጥቂት አሳ በህይወት አወጣን። ትንንሾቹን ለቀቅን። እንቁላል በአፏ የያዘች ሴትም ወዲያው ትለቀቃለች፣ ጫጩቶቿ አፏ ውስጥ እስካሉ ድረስ ስለማትበላ ለምግብ ጥናት ምንም አትጠቅምም።

አሁን አገዳደሉ። የተለመደው ጀልባው ወለል ላይ ትቶ እየተንፈራገጠ እስኪሞት መጠበቅ ነው፣ ወይ በረዶ ውስጥ መክተት። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ዜብራፊሽ ላሉ ጣት ለማያክሉ የሞቃት ሀገር አሳዎች ይፈቀዳል፣ ለትልቅ ቆሮሶ ግን ስቃይ ማራዘም ነው። ኤምኤስ 222 የሚባለውን የአሳ ማደንዘዣ ማግኘት አልቻልኩም፣ የቅርንፉድ ዘይት ግን ይገኛል። ዘይቱ በውሃ ስለማይሟሟ መጀመሪያ አንድ እጅ ዘይት በዘጠኝ እጅ አልኮል ትበጠብጡታላችሁ፣ ከዛ ባልዲው ውስጥ። ለማደንዘዝ በሊትር ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም አካባቢ ይበቃል፣ ለመግደል እኔ 400 ነው የተጠቀምኩት። አሳው መጀመሪያ ያዘነብላል፣ ከዛ ይገለበጣል፣ ከዛ የስንጥቡ ክዳን መክፈት መዝጋቱን ያቆማል፣ እሱ ካቆመ በኋላ ከ10 ደቂቃ ባላነሰ እዛው ማቆየት ነው። አስጋሪው መጀመሪያ ቀን ባልዲውን አሽትቶ "እህቴ፣ ይሄ ለሻይ ነው ለአሳ?" አለኝ፣ ስነግረው ደግሞ "ለኛ ጥርስ መንቀያ ማደንዘዣ ጠፍቶ ለአሳ ተገኘ!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ምን ልበለው። "ጋሼ ዝም ብለው ያሽትቱ፣ ለጥርስም ይሆናል" አልኩት።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንደኛ በዚህ የሞተ አሳ ለምግብ አይሆንም፣ ገዝታችሁ ነው የምትቀብሩት፣ አባ ኮዳ እንዳያገኘው ጠለቅ አድርጋችሁ። ሌላው አምባዛ (ካትፊሽ) ነው። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ዝም ብሏል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፣ ከደነዘዘ በኋላ አንጎሉን በሹል ነገር ማጥፋት ያስፈልጋል። ደስ አይልም ግን ሳይሞት ሆዱን ከመቅደድ ይሻላል። አምባዛ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ ጨጓራው ትልቅ ስለሆነ አደንዝዛችሁ በቱቦ ውሃ ገፍታችሁ የበላውን አስተፍታችሁ ልትለቁት ትችላላችሁ፣ ቆሮሶ ላይ ይሄ ብዙም አይሰራም።

ቁጥሩን የቀነስኩት በአንድ ግራፍ ነው። ሆድ በከፈትኩ ቁጥር አዲስ የምግብ አይነት ተገኘ ወይ እያልኩ እመዘግባለሁ፣ መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዛ ይተኛል። ሲተኛ በቃ፣ የሚቀጥለው አሳ የሚነግረኝ አዲስ ነገር የለም። አድቫይዘሬ "ብዙ ሲሆን ያምራል" ባይ ነበር፣ ግራፉን ሳሳየው ግን ዝም አለ። ይሄን ስራ መጨረሻ ላይ አትተዉት፣ ማታ ማታ ከማይክሮስኮፑ ስትነሱ ኤክሴል ላይ አስገቡት።

ፎርማሊኑን በፍጹም ሀይቅ ዳር እንዳትደፉ። ሀዋሳ ሀይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የተደፋው እዛው ነው የሚቀረው። እኔ በጀሪካን ወደ ላብራቶሪ መለስኩት፣ ላብራቶሪውም ማስወገጃ ስለሌለው ጀሪካኑ ስሜ ተጽፎበት እስካሁን መደርደሪያ ስር ተቀምጧል፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።