«ለጥቂት ተረፈ» የተባለው ሁሉ የት ይጻፋል?

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ አጭር መልስ የለኝም። ወረቀቱ ላይ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ የከተማ ሥራ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው የምውለው፤ ጽዳት፣ የጎርፍ ቦይ፣ የዘንባባ ቆረጣ፣ ቁፋሮ፣ ፍሳሽ። ጓደኞቼ ግን ባጭሩ «ሟርተኛው» ይሉኛል። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ገና አፌን ሳልከፍት «ዛሬ ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» ብሎ የሚቀድመኝ አይጠፋም። እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ሰው አደጋን ስለማይፈራ አይደለም። ይፈራል እንጂ። ግን «ይሄ ቢናድስ?» ብሎ መናገር መዓቱን እንደ መጥራት ይቆጠራል። «ኧረ ክፉ አይንካን» ይባልና ይታለፋል። ከዚያ አንድ ቀን ባጃጅ የአንዷን ጠራጊ ቀሚስ ጨርፎ ያልፋል። «እሰይ፣ እግዜር አወጣሽ» ይባላል፣ ሁሉም አሜን ይላል፣ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ባጃጅ። እኔ የምጨቃጨቀው በዚህች ብቻ ነው፦ እግዜርን አመስግኑ፣ ከዚያ ጻፉት።

ጎህ ሳይቀድ ከተማዋን አይታችኋት ከሆነ ጠራጊዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ዘንባባው ሥር ይሰለፋሉ። አንዷን እናት «ሰደርያዎን ልየው?» አልኳቸው። አወለቁልኝ። ንጹሕ ነው፣ ያስቀናል። በበረኪና ዘፍዝፈው፣ አሽተው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነው የሚያጥቡት። ግን ያ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው ብርማ መስመር ተሰነጣጥቆ ረግፏል። የስልኬን መብራት አብርቼ ከአዲስ ሰደርያ ጋር አስተያየኋቸው። አዲሱ ቦግ አለ፤ የእሳቸው ዝም። «አይ ልጄ፣ እኔ እኮ ንጹሕ ሆኜ ልታይ ብዬ ነው» አሉኝ። ፈርመው እንዲወስዱ ያደረጋቸው ሰው አለ፤ በረኪና እንደሚገድለው የነገራቸው ግን የለም።

ደግሞም ሰደርያው ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው መጥረጋቸው ነው። ፊታቸውን ወደሚመጣው መኪና አዙረው ቢጠርጉ፣ ፊት ለፊታቸው ሁለት ኮን ቢቆም፣ ሰፊውን መንገድ ከነጋ በኋላ ቢያደርጉትና በጨለማው የእግረኛውን መንገድ ቢጨርሱ፣ ይሄ ሁሉ ከኮኑ በቀር አምስት ሳንቲም አይጠይቅም።

ሙያው የሚለው እንዲህ ነው፣ ብዙ አልቆይበትም። አደጋውን መጀመሪያ ከምንጩ አጥፋው። ካልቻልክ ባነሰ አደጋ ተካው። ያም ካልሆነ በሰውየውና በአደጋው መሃል ማሽን፣ አጥር ወይም ክዳን አስገባ። ቀጥሎ ሰዓቱን፣ አሠራሩንና ሥልጠናውን አስተካክል። ቱታ፣ ጓንትና ሄልሜት ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሌላው ሁሉ ሲያመልጥ የሚይዝ ስለሆነ። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ደህንነት ማለት በጀት እንዳይመለስ ሰኔ ላይ የሚገዛ ቦቲ ነው። አንዴ ያየሁት ግዢ ሙሉ በሙሉ 42 ቁጥር ነበር። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስም አልጠራም።

ጉድጓድ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። አንድ ቀን የተደፈነ የፍሳሽ ማንሆል ሊከፍቱ የወጡ ሰዎች ጋ ደረስኩ። ክዳኑ ተነስቷል፣ ሠፈሩ ሸቷል፣ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዟል። ትልቁ ሰውዬ የጋዜጣ ቁራጭ ለኩሰው ወደ ታች ጣሉ። እየነደደ ወረደ። «አየር አለው፣ ግባ» አሉት ልጁን። ልጁ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አልኩ።

«ምነው? ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ነው የሠራነው። ማን ሞተ?»

ይቺ «ማን ሞተ?» ናት የምታቃጥለኝ። ስንት ጊዜ አዞሯቸው ወጥተው ወለል ላይ እንደተጋደሙ፣ ስንት ጊዜ ራስ ምታት ይዟቸው እንደዋለ አልተጻፈማ። ያልተጻፈ ደግሞ ልምድ ይሆናል፤ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንን» ይባላል።

እሳቱ የሚነግርህ ትንሽ ነገር ነው። ንጹሕ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለ። ከ19.5 በታች ሲወርድ ለሰው አያስተማምንም ተብሎ ይያዛል፤ ሻማ ግን ከዚያ በታችም ይነድዳል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መኖር አለመኖሩንማ ጨርሶ አይነግርህም። እሱ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የማሽተት አቅምህን ያደነዝዘዋል፤ «አሁን ተሻለ፣ ሽታው ጠፋ» የምትልበት ሰዓት የባሰው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን ተጠራቅሞ ከሆነ ደግሞ የጣልከው ጋዜጣ ራሱ ያፈነዳዋል።

ከዚህም የሚከፋው የሁለተኛው ሰው ነገር ነው። የመጀመሪያው ይወድቃል። ሁለተኛው «ወንድሜን!» ብሎ ይገባል። ሦስተኛው ይከተላል። እኛ አገር ቆሞ ማየት ነውር ነው፣ ስለዚህ በዚያች ደቂቃ «አትግቡ» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። ነገሩ የሚያልቀው ከመግባቱ በፊት ነው፦ ገመዱ ቀድሞ ከሰውየው ወገብና ትከሻ ላይ ከታሰረና ላዩ ላይ መጎተቻ ከቆመ፣ ከላይ ያለው ሰው ሳይገባ ያወጣዋል። ጋዝ መለኪያ ከሌለ ደግሞ አይገባም፣ በቃ። የዚያን ቀን ገመድም መለኪያም አልነበረም፣ መምጠጫ ቦቴው እስኪመጣ ተጠበቀ። ከላይ ተመጠጠ፣ በረጅም ዘንግ ተከፈተ፣ ማንም አልገባም። ጋሼ ቀናቸውን ስላባከንኩባቸው እስከ ማታ አላናገሩኝም። ልጁ ግን ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ።

ጣና ላይ ያለው ሥራ ሌላ ጣጣ አለው። እንቦጭ ሐይቁ ላይ ከታወቀ ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ማሽን በማይደርስበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የሚነቅለው የሰው እጅ ነው፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቁ በኩል። እዚህ ከተማው ጋም ዳርቻ ለማጽዳት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ሁሉም የሚፈራው ጉማሬን ነው፣ ደግሞ መፍራት ነው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ሲመሽ ቀልድ የለም። ግን ጉማሬ ቢያንስ ይታያል። ቢልሃርዝያ አይታይም። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥገኛ ቆዳን በስቶ ነው የሚገባው፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ መቆም ይበቃል። ውሃ የገባበት ቦቲ ከባዶ እግር አይሻልም። መድኃኒቱ አለ፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ምርመራውም በሰገራ ነው፣ ከባድ ነገር አይደለም። ችግሩ በሽታው ራሱን የሚያሳየው ቆይቶ ነው። ያኔ ዘመቻው አልቋል፣ የቀን ሠራተኛው ተበትኗል፣ ሆዴን አመመኝ የሚለውን ሰው ከሥራው ጋር የሚያያይዘው የለም። በየትኛውም የአደጋ መዝገብ ላይ አይገኝም።

መዝገብ ስል ወፍራም ጥቁር ደብተር የሚመጣባችሁ ካላችሁ ተዉት። ሞክረነዋል፣ ደብተሩ አሁንም ንጹሕ ነው። የሠራው ቴሌግራም ነው። ሰው ለመጻፍ ይሰንፋል፣ ለማውራት ግን ማን ይቀድመዋል! የድምፅ መልእክት ብቻ የሚላክበት ግሩፕ ከፈትን። ሕጉ ሦስት ነው፦ ደመወዝ አይቆረጥም፣ ስም አይጠራም፣ አለቃ አይገባም። መጀመሪያ የመጣው ስለ ሻይ ሰዓት አቤቱታ ነበር፣ እሺ ብለን ተቀበልን። ቀስ እያለ እውነተኛው መጣ። «ዘንባባ ስንቆርጥ ጥላ ፈልጎ ሥሩ የቆመ ባጃጅ ላይ ቅርንጫፉ ሊወርድበት ነበር።» «ከመኪናው ኋላ ተንጠልጥዬ ስሄድ ጉድጓድ ሲገባ እጄ ለቀቀ።»

ከሁሉም የበዛው ግን መርፌ ሆነ። ቆሻሻው በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፣ ተሸካሚው ጀርባው ላይ ያደርገዋል፣ መርፌው ከረጢቱን በስቶ ይወጋዋል። አንዱ «አረቄ አፈሰስኩበትና ሥራዬን ቀጠልኩ» ብሎ ሲያወራ እየሳቀ ነው። ያገለገለ መርፌ ሲወጋ ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ መርፌው ሳይወጋ በፊት ቢወሰድ ይሻላል። ይሄን ከማያውቁት ብዙዎቹ ቆሻሻ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ድምፆቹን ስናዳምጥ ደግሞ አንድ ነገር ተገለጠ። መርፌው ከየሠፈሩ አይደለም የሚመጣው፣ ትንንሽ ክሊኒኮች ከተደረደሩበት ከአንድ መስመር ነው። ታዲያ የሚጠይቀው መፍትሔ ጓንት ነው? ጓንቱንማ መርፌው አያከብረውም። ባለቤቶቹን ማነጋገርና ከረጢቱን ከጀርባ አውርዶ ጋሪ ላይ መጫን ነው። ባይወራ ኖሮ አንዱም አይታወቅም ነበር።

ቆሻሻ ሲነሳ ቆሼን ሳልጠራ አላልፍም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ለከተማ አስተዳደር አደጋ ማለት ሠራተኛው ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ የሥራው ቦታ የሰው መኖሪያም ነው።

ሕጉስ? ሕጉ ክፉ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ እንዲያሠለጥን፣ አደጋን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ለተጎዳው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የተቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ቋሚው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በሲቪል ሰርቪሱ ሕግ ይተዳደራል። ቀዳዳው በሁለቱ መሃል ነው። ብዙው የከተማ ጽዳት የሚሠራው በማኅበር ተደራጅተው ውል በገቡ ሰዎች ነው። ማኅበርተኛ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ባለቤት ነው፣ የራሱ አሠሪ ነው። መኪና ሲገጫት ያቺ እናት ማንን ትክሰስ? ራሷን? መልሱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ ሥራውን የሚሰጠው ወገን ኢንሹራንስና ሥልጠናን ውሉ ላይ ካላስገባ ሌላ የሚያስገባው የለም።

ውል ካነሳን ጨረታ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ሐይቅ ዳር ናት፣ ትንሽ ስትቆፍር ውሃ ታገኛለህ። ዝናብ ካረሰረሰው በኋላ የቦይ ግድግዳ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን ይበልጣል፤ ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ፊቱ ውጭ ሆኖም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ግድግዳውን በእንጨት ወይም በብረት ደግፎ መሥራት ያስፈልጋል፣ ማንም መሐንዲስ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን አይደገፍም? ድጋፉን ዋጋው ውስጥ ያስገባ ተቋራጭ ካላስገባው ጋር ተወዳድሮ ስለሚሸነፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ ዝቅ ያደረገው ደግሞ ከልጆቹ ደረት ላይ ቀንሶ ነው።

ስለዚህ የቦይ ድጋፍ፣ የትራፊክ ኮንና የጋዝ መለኪያ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው፣ ሁሉም ተጫራች እኩል ገንዘብ ያስገባበት፣ ለውድድር አይቅረብ ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በተሠራው ልክ ብቻ ይከፈላል። ስብሰባው ላይ የፋይናንሱ ሰው መነጽሩን አውልቆ ጠየቀኝ፦ «ቦዩ ካልተናደ ብሩ ተመላሽ ይሆናል?»

ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ገብቷል። ለቀጣዩ ስብሰባ ቁጥር ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ ቁፋሮ የምትሠሩ ካላችሁ አሁን ገበያ ላይ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ለአንድ ሜትር ቦይ ስንት እንደሚፈጅባችሁ፣ ስንት ጊዜ ደግማችሁ እንደምትጠቀሙበት ላኩልኝ። በድምፅም ይሆናል።