ደብረ ማርቆስ ላይ ለጌም ስንት ጊጋ ይበቃል?

ዩቲዩብ ላይ የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ልጆች የሚወዷት ምክር አለች። «512 ጊጋ ግዛ፤ ሲሞላ የማትጫወተውን አጥፋ፤ ሲያምርህ መልሰህ ታወርዳለህ።» ለእነሱ ልክ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ግን «መልሰህ ታወርዳለህ» የምትለዋ ቀልድ ትመስላለች። እናም ኤስኤስዲዬን፣ ማለትም ጌሙም ዊንዶውሱም የሚቀመጥበትን ፈጣን ዲስክ፣ ልቀይር ስነሳ ሒሳቤን የጀመርኩት ከኢንተርኔቱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለው ጌም ዲስክ ላይ 150 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት (1.25 ሜጋባይት ማለት ነው) በሚሰጥ መስመር ይህን ያህል ዳታ ለማውረድ 33 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ያውም ያለማቋረጥ! መብራት ሳይጠፋ፣ መስመሩ ሳይንቀራፈፍ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ሳይከፍት። በሞባይል ዳታ ላውርድ ካላችሁም የጥቅሉን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ። ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ማን ይረሳል? ስለዚህ እኛ ጋ አንድ ጌም አንዴ ከገባ አይጠፋም። የዲስኩን መጠን የሚወስነውም ይሄ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ የነበረችው 256 ጊጋ ናት። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ አንድ ትልቅ ጌም ትችላለች። ሁለተኛው ሲመጣ ጠብ ይነሳል። ክረምት ላይ የአክስቴ ልጅ ከቡሬ ሲመጣ ደግሞ ጠቡ ይብሳል፤ እሱ ኳስ ካልተጫነለት እህል አይቀምስም።

ወረቀት አወጣሁና በእውነት የምንጫወታቸውን ብቻ ጻፍኩ። አንድ ቀን እጫወተዋለሁ የምላቸውን አልጻፍኩም፤ እነሱን ከቆጠርን 4 ቴራም አይበቃ። ሬድ ዴድ 150 ጊጋ። ጂቲኤ 5 ከ100 በላይ። የኳሱ ጌም ኢኤ ኤፍሲ 24፣ 100 ጊጋ። ካውንተር ስትራይክ 2፣ 85። ዶታ 2፣ 60። ድምሩ 500 ጊጋ አለፈ። ዊንዶውሱና ሌላው ኮተት ደግሞ 70 ጊጋ ይበላል ብዬ ያዝኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ ቁጥር አንድ አይደለም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1000 እያባዛ ነው፤ ዊንዶውስ በ1024። ስለዚህ 512 ጊጋ የተባለው 476 ሆኖ ይታያል፣ 1 ቴራው ደግሞ 931። ሻጩ አልሰረቃችሁም፤ አትጣሉት። ከዚያ ላይ ደግሞ ትንሽ ባዶ ቦታ መተው አለበት። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ መጻፍ ላይ ይዘገያል። እኔ 15 በመቶ ያህል እተዋለሁ። ጌም አፕዴት ሲያደርግም ስቲም (ጌም የምንገዛበትና የምናወርድበት ፕሮግራም) አዲሱን ፋይል እስኪያዘጋጅ ድረስ ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃል። አፕዴቱ 2 ጊጋ ሆኖ «ቦታ የለም» የሚላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲታሰብ 512ቷ ለጌም የምትተርፈው 340 ጊጋ አካባቢ ነው። የእኔን ዝርዝር አትችለውም። 1 ቴራው ግን ሁሉንም ይዞ ይተርፈዋል።

2 ቴራስ? ሱቅ ስሄድ ልጁ «ወንድሜ፣ 2 ቴራ ውሰድና ተገላገል» አለኝ። ሊሸጥ ነው፤ አልፈርድበትም። ከ512 ወደ 1 ቴራ ሲኬድ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ዋጋው እጥፍ አልሆነም ነበር። ከ1 ወደ 2 ቴራ ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ሚሞሪዬን (ራሙን) ከ8 ወደ 16 ጊጋ ያሳድግልኛል። ለጌም ደግሞ እሱ ይበልጥብኛል። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ 1 ቴራ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነበረኝ። እሱ ጎተራ ሆነ። የማንጫወተው ጌም እዚያ ይቀመጣል፤ ስንፈልገው ወደ ኤስኤስዲው እናመጣዋለን። ስቲም ራሱ የተጫነን ጌም ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ማዛወሪያ አለው። 150 ጊጋ ከሃርድ ዲስኩ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው። ከ33 ሰዓት ጋር አወዳድሩት።

መጠኑን ከወሰናችሁ በኋላ ገንዘብ ሳትከፍሉ ኬዙን ክፈቱና ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ እዩ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚይዘው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ይጨመርበትና ጌም ይጀመራል። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ኤም ዶት ቱ የሚባለው መሰኪያ፣ ኤስኤስዲ ያለ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት፣ የለም። ለእሱ በኬብል የሚሰካው ሳታ ኤስኤስዲ ነው የሚገዛው። ኤም ዶት ቱ መሰኪያ ቢኖርም ዘገም ያለውን ሳታ ብቻ የሚቀበል አለ፣ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ የሚቀበል አለ። ሳታ በሴኮንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ ኤንቪኤምኢው 3500 እና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ያስጎመጃል። ጌም ሲከፈት ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ሲኬድ ነው። ስለዚህ ብራችሁ ካነሰ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ መጠኑን አትቀንሱ።

የእኔ ማዘርቦርድ ኤንቪኤምኢ ስለሚቀበል እሱን ገዛሁ። ከሻጩ ጋር ግን አንድ ነገር ተነጋገርኩ፤ ሙሉውን ጽፌ እፈትሸዋለሁ፣ መጠኑ ውሸት ከሆነ እመልሳለሁ። ተስማማ። ገበያው ላይ 1 ቴራ ተብሎ ውስጡ ትንሽ የሆነ ዕቃ አለ፤ ኮምፒውተሩን አታልሎ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ እውነተኛ አቅሙ ሲሞላ ፋይሉ ይበላሻል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ ያነብና ይነግራችኋል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ያሳያል።

ከተገጠመ በኋላ የመጣውን ለውጥ ልንገራችሁ። ዊንዶውሱ ቶሎ ይነሳል፣ የጂቲኤ የመክፈቻ ጥበቃ አጠረ። የፍሬም ብዛት (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ግን አልጨመረም። የአክስቴ ልጅ «ታዲያ ለምን ተገዛ?» ብሎ ተቆጣ። ፍሬም የግራፊክስ ካርድና የፕሮሰሰር ሥራ ነው። ኤስኤስዲ ጥበቃውን ነው የሚያሳጥረው። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው።

ካውንተር ስትራይክና ዶታ ብቻ ለሚጫወት ሰው 512 ከበቂ በላይ ነው። 256 ጊጋን ግን ዛሬ ለጌም ብሎ አዲስ መግዛት አይታየኝም። የኔዋን አልሸጥኳትም። ዩኤስቢ ኬዝ ገዝቼ ውጭ የምትሰካ አደረግኋት። ባሕር ዳር ፋይበር ያስገባ ጓደኛ አለኝ፤ ጌሙን እሱ ጋ አውርዶ ይጠብቀኛል፣ እኔ ፎልደሩን በእሷ ቀድቼ እመጣለሁ። ፎልደሩን ስቲም የሚያውቀው ቦታ ላይ አስቀምጬ «ጫን» ስለው ያለውን ፋይል ይፈትሽና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ለዚህ ለዚህስ 256ም አላነሰች።