ከአማቼ ጋር ወጨጫ ላይ

ከባለቤቴ አባት ጋር እስከ ባለፈው ቅዳሜ ለብቻችን ሆነን አናውቅም። ሁሌ መሀላችን ሰው አለ፣ ቡና አለ፣ ዜና አለ። አባባ ቁጥብ ናቸው። «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ይመስገን» እላለሁ። በቃ።

ወጨጫ ተራራም ለሦስት ልንወጣ ነበር። ባለቤቴን ሌሊቱን ጉንፋን ጣላትና ቀረች። መሰረዝ አይታሰብም፤ ሰውዬው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ጫማቸውን አስረው ነው የሚጠብቁት።

በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ደን ደረስን። መኪናውን አቁመን፣ የመግቢያውን ከፍለን መውጣት ጀመርን። እስከዚያ ያወራነው ስለ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው።

ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ አለ እዚያ። ዝምታው ሲከብደኝ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር የለማ ደን ነው እየተባለ እንደሚነገር አወራኋቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ደግሞ ዝም። ከላያችን ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን እያርገበገቡ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። እነሱ እንኳ ከኛ የተሻለ ይጫወታሉ።

ከፍ ስንል ጽዱ ሳስቶ ኮሶው በዛ። አባባ አንዱ ሥር ቆሙ። ደከማቸው ብዬ ውሃ አቀበልኳቸው። (የደከመኝስ እኔ ነበርኩ።) እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ቀላ ያለው ቅርፊት እንደ ወረቀት ይላጣል። አንጋጠው የተንዠረገገውን አበባ አዩና «ይኼ ሴቴው ነው፣ ቀዩ» አሉ። «መድኃኒቱ ከሱ ነው።»

ከዚያ ወሬው መጣ። አድአ ነው ያደጉት። የኮሶ ቀን አባታቸው ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሷቸዋል። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። አንድ ቀን ልጁ አፉ ሙሉ ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠና ጎመኑ ላይ ተፋው። ዞር ሲል አባትየው ቆመዋል። ምንም አልተናገሩም፤ ሁለተኛ ዋንጫ በጠበጡ። «ጎመኑ እንኳ ከኔ ይሻል ነበር፤ አንዴ ነው የቀመሰው» ብለው ሳቁ። ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ኮሶው አልቆ አስታና አሜጃ ቁጥቋጦው ውስጥ ስንገባ እኔ ትንፋሽ አጥሮኛል፣ እሳቸው ያወራሉ። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው፤ እንጦጦን ያስከነዳል። አዲስ አበባ በምሥራቅ ጭስ ለብሳ ተዘርግታለች። በደቡብ በኩል ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። የጥቅምት አቦ ከእናታቸው ጋር በእግር ይወጡት እንደነበር፣ የሐይቁን ውሃ በቅል ይዘው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። የባለቤቴ እናት የሰጡንን በሶ በማር ለወስነው በላን። ነፋሱ ግን አያስቀምጥም፤ ኮፍያዬን ወስዶት ነበር፣ አሜጃው ያዘልኝ።

ቁልቁለቱ ጉልበት ይጨርሳል። እሱን ልተወው።

ማታ ለባለቤቴ የኮሶውን ታሪክ ነገርኳት። አፏን ከፍታ አዳመጠችኝ። እሷም ሰምታው አታውቅም። ወዲያው ስልኳን አነሳች።

«አባባ፣ ጎመኑ ላይ የተፋኸው እውነት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ጉንፋኑ ተሻለሽ?» ብለው ዘጉት።